ባሕር የበላቸው ካርዶች

ካርዷ ከክብሪት ቀፎ ጥቂት ብትረዝም ነው። ፊቷ ላይ፣ በብርቱካናማ መደብ፣ ጸጉሩን መሐል ለመሐል የከፈለ ኮስተር ያለ ሰው ምስል አለ፤ ጀርባዋ የሲጋራ ማስታወቂያ ነው። በ1909 አሜሪካ ውስጥ ሲጋራ የገዛ ሰው ፓኮውን ሲከፍት በነፃ ያገኛት ነበር። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ2022 ከነዚህ ካርዶች አንዷ፣ ያውም የዕድሜ ጠባሳዋን እንደያዘች፣ በ7.25 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠች።

ካርድ በሲጋራ ፓኮ ውስጥ መክተት የተጀመረው ለጌጥ ብቻ አልነበረም። ፓኮው ስስ ስለነበር ሲጋራው እንዳይጨፈለቅ ጠንከር ያለ ወረቀት ያስፈልገው ነበር። ወረቀቱ ባዶውን ከሚገባ ሥዕል ይኑርበት ተባለ። ሥዕሉ ደግሞ የአንድ ስብስብ አካል ከሆነ የጎደለውን ለማሟላት የቋመጠ ደንበኛ ሌላ ፓኮ ይገዛል። የአሜሪካ ትምባሆ ኩባንያ ከ1909 እስከ 1911 ድረስ በዚህ ዘዴ 524 ዓይነት የቤዝቦል ካርዶችን በተነ። አባቶች ያጨሳሉ፤ ልጆች ሱቁ በር ላይ ቆመው ከሚወጣው ሰው ሁሉ ካርዱን ይለምናሉ።

ከተጫዋቾቹ አንዱ የፒትስበርጉ ሆነስ ዋግነር ነበር። ከጀርመን የመጡ ስደተኞች ልጅ ነው። በልጅነቱ የድንጋይ ከሰል ማዕድን ውስጥ ሠርቷል። እግሩ ወልገድ ያለ፣ ትከሻው የገዘፈ፣ ኳስ በመምታት የሊጉን አንደኝነት 8 ጊዜ የወሰደ ሰው ነበር። ኩባንያው የዋግነርን ፈቃድ እንዲያመጣለት ጆን ግሩበር ለተባለ የከተማው የስፖርት ጋዜጠኛ 10 ዶላር ሊከፍለው ቃል ገባለት። ዋግነር ግን አልፈቀደም። ግሩበር በእሱ እምቢታ ምክንያት ገንዘቡ እንዳይቀርበት ብሎም የ10 ዶላሩን ቼክ ራሱ ጽፎ ላከለት።

ለምን እምቢ እንዳለ እስከ ዛሬ ያከራክራል። ልጆች በእሱ ሥዕል ሰበብ ትምባሆ እንዳይለምዱ ብሎ ነው የሚሉ አሉ። ራሱ ትምባሆ የሚያኝክ፣ ሥዕሉም በሲጋር ምርት ላይ የወጣ ሰው እንዲህ ሊል አይችልም፣ የፈለገው ክፍያ ነው የሚሉም አሉ። እኔ ያችን ቼክ ሳስብ ወደ መጀመሪያዎቹ አዘነብላለሁ፤ ክፍያ ፈልጎ ያኮረፈ ሰው ከኪሱ አያወጣም። ያም ሆነ ይህ ኅትመቱ ቆመ። ከመቆሙ በፊት ግን ጥቂቶቹ ወጥተው ነበር፤ ዛሬ በዓለም ላይ መኖራቸው የሚታወቀው 60 ያህል ናቸው።

በ1911 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የትምባሆ ኩባንያውን ገበያውን ጠቅልሎ ይዟል ብሎ እንዲበተን አዘዘ፤ የዚያ ዘመን የካርድ ጎርፍም ደረቀ። ካርዶቹ በመሳቢያና በጫማ ካርቶን ውስጥ ቀሩ፤ የሚበዙት ከቤት ጽዳት ጋር ወጡ። ማንም አላዘነላቸውም።

አንድ ሰው ግን ነበር። ጄፈርሰን በርዲክ ነጋዴ አልነበረም፤ በኒው ዮርክ ግዛት፣ በሲራክዩስ ከተማ፣ የኤሌክትሪክ ዕቃዎች ሲገጣጥም የሚውል ወንደላጤ ነበር። ቁርጥማት ጣቶቹን ያኮማትርበት ነበር። ትርፍ ጊዜውን ሁሉ ሌላው ሰው የሚጥለውን ወረቀት ሲሰበስብ ይኖራል፤ የሲጋራ ካርድ፣ የከረሜላ ካርድ፣ የፖስታ ካርድ፣ የሳሙና ማስታወቂያ። በ1939 ባሳተመው ካታሎግ ይህን ሁሉ በየዓይነቱ መደበው። የ1909ኙን ስብስብ "ቲ 206" ብሎ የሰየመው እሱ ነው፤ ሰብሳቢዎች ዛሬም በዚሁ ስም ይጠሩታል። የካርድ ዋጋ በሳንቲም በሚቆጠርበት በዚያ ዘመን ለዋግነሯ 50 ዶላር ጻፈላት። የካርዷ የዋጋ ታሪክ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ከ1940ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በርዲክ ስብስቡን በሙሉ ለኒው ዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ሰጠ፤ ከ300,000 በላይ ወረቀቶች ናቸው። መስጠት ብቻም አይደለም። ራሱ እየሄደ፣ በእነዚያ በተኮማተሩ ጣቶች፣ አንድ በአንድ በአልበም ላይ ይለጥፋቸው ነበር። ሥራው ዓመታት ፈጀበት። በጥር 1963 የመጨረሻዋን ለጥፎ ወጣ፤ በመጋቢት ሞተ። ከዋግነሮቹ አንዷ ዛሬም እዚያው ናት፤ አትሸጥም። የዚህን ገበያ ታሪክ ሳነብ ደጋግሜ የምመለሰው ወደዚህ ሰው ነው። ዋጋ ለሌለው ነገር ዋጋ ሰጥቶ፣ ራሱ ከዋጋው ሳንቲም ሳይነካ አለፈ።

ትምባሆው የለቀቀውን ቦታ ማስቲካ ወረሰው። በ1951 መገባደጃ ቶፕስ የተባለው የብሩክሊን ማስቲካ ኩባንያ ሠራተኛ ሳይ በርገር ከሥራ ባልደረባው ጋር የቤቱ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ አዲስ ዓይነት ካርድ ነደፈ። ካርዱ ሰፋ ያለ ነበር፤ ፊቱ ላይ የተጫዋቹ ፊርማ ቅጂና የቡድኑ ዓርማ፣ ጀርባው ላይ ሙሉ የጨዋታ መረጃው ወጣ። በ1952 ለገበያ የቀረቡት 407 ዓይነት ካርዶች በየክፍሉ ተከፋፍለው ነበር፤ የመጨረሻው ክፍል ከቁጥር 311 ይጀምራል። ቁጥር 311 ሚኪ ማንትል ነው፤ ያኔ ገና 20 ዓመቱ፣ የኒው ዮርክ ያንኪስ አዲስ ተስፋ።

ያ የመጨረሻ ክፍል ሱቅ የደረሰው ወቅቱ ሊያልቅ ሲል ነው። ልጆቹ ትምህርት ቤት ገብተዋል፤ ልባቸውም ከቤዝቦል ወደ አሜሪካ ፉትቦል ዞሯል። ባለሱቆች አንቀበልም አሉ። ካርቶኖቹ የብሩክሊን መጋዘን ውስጥ ለዓመታት ተከመሩ። በርገር በመዝናኛ ፓርክና በየጎዳና ትርዒቱ ለሚዞሩ ነጋዴዎች በርካሽ፣ ኋላም አሥሩን በአንድ ሳንቲም ሊሸጣቸው ሞከረ፤ የሚፈልጋቸው ጠፋ። በ1960 ኩባንያው ቦታ አጠረው። በርገር በኋላ እንደተረከው፣ ካርቶኖቹ በጭነት መኪና ተጋዙ፤ ከዚያም በቆሻሻ ማጓጓዣ ጀልባ ላይ ተጭነው ከኒው ጀርሲ ዳርቻ ራቅ ብሎ አትላንቲክ ውቅያኖስ ውስጥ ተጣሉ። ከ300 እስከ 500 የሚደርሱ ካርቶኖች ነበሩ። በርገር ጀልባዋ ላይ ሆኖ ሲሰምጡ አይቷቸዋል።

በዚያው ዓመት በመስከረም ወር አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ አሸነፈ። ይህን እዚህ የማነሳው ለአገር ኩራት ብቻ አይደለም። የስፖርት መታሰቢያ ገበያ የሚኖረው ታላቁ ቀን ትቶት በሚሄደው ዕቃ ነው፤ በማሊያው፣ በኳሱ፣ በጫማው። ከሮሙ ሩጫ ጫማ አልተረፈም፤ ለሽያጭ የሚቀርብ ጫማ አልነበረማ!

ባሕር ያልበላውን እናቶች በሉት። ልጁ ወታደር ቤት ወይም ኮሌጅ ሲሄድ እናቱ ክፍሉን ታጸዳለች፤ የጫማ ካርቶኑ ከነካርዱ ወደ ገንዳ ይሄዳል። በአሜሪካ "እናቴ ባትጥለው ኖሮ ሚሊየነር ነበርኩ" የማይል የዚያ ዘመን ሰው ማግኘት ይከብዳል። እናቶቹን ግን አላግባብ ነው የሚወቅሷቸው። የየቤቱ እናት ሁሉ ጠብቃ ብታቆየው ኖሮ ካርዱ ዛሬም በሳንቲም ይሸጥ ነበር። የአንዱን ልጅ ካርድ ውድ ያደረገችው የጎረቤቱ እናት ናት።

የ1970ዎቹ ጎልማሶች በልጅነት ያጡትን መልሰው መግዛት ጀመሩ፤ አሁን ደመወዝ አላቸው። የስታቲስቲክስ ምሁሩ ጄምስ ቤኬት ከሰብሳቢዎች ያሰባሰበውን የዋጋ መረጃ መሠረት አድርጎ በ1979 የመጀመሪያውን የዋጋ መጽሐፉን ከአንድ ባልደረባው ጋር አወጣ፤ በ1984 ወርኃዊ መጽሔቱ ተከተለ። ይህ ቀላል ነገር ይመስላል፤ ግን ገበያውን የለወጠው እሱ ነው። ልጁ ካርዱን ገልብጦ የተጫዋቹን ውጤት ከማየት ይልቅ መጽሔቱን ገልጦ ዋጋውን ማየት ለመደ። ላዩ ላይ ወደ ላይ የሚያመለክት ቀስት ካለ ደስ ይለዋል።

በ1980ዎቹ አጋማሽ ደግሞ ነገሩን ያቀጣጠለ ወሬ መጣ። አለን ሮዘን የተባለ የኒው ጀርሲ ነጋዴ ቦስተን አቅራቢያ ከሚኖር ሰው ስልክ ተደወለለት፤ የ1952 ካርዶች አሉኝ፣ ማንም ያልነካቸው፣ አለው። ሮዘን ሄዶ ሲያይ ባሕር በላቸው የተባሉት የመጨረሻው ክፍል ካርዶች ነበሩ፤ ከ5,000 በላይ፣ ከማተሚያ ቤት ትናንት የወጡ የመሰሉ፣ ከመካከላቸውም በርካታ ማንትሎች። ከ100,000 ዶላር በላይ ከፍሎ ገዛቸው። ለራሱ ከሰጠው "ሚስተር ሚንት" ከሚለው ቅጽል ጋር ስሙ በአገሩ ናኘ።

የዋግነሯም ጉዞ የተጀመረው ያኔ ነው። በ1985 ቢል ማስትሮ የተባለ ነጋዴ ሎንግ አይላንድ ላይ አንዲት ዋግነር በ25,000 ዶላር ገዛ። ሌሎቹ ዋግነሮች የተሸበሸቡ፣ ጥጋቸው የተበላ፣ ሙጫ የነካቸው ሲሆኑ ይህቺ ጠርዟ እንደ ምላጭ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ በ110,000 ዶላር ለአንድ የስፖርት ዕቃ መደብር ባለቤት ሸጣት። በ1991 ሶዝቢስ የተባለው አጫራች ድርጅት ለጨረታ ሲያወጣት የበረዶ ሆኪው ኮከብ ዌይን ግሬትስኪና የክለቡ ባለቤት ብሩስ ማክኖል በ451,000 ዶላር ወሰዷት። በዚያው ዓመት ሥራ የጀመረው ፒ ኤስ ኤ የተባለ ደረጃ መዳቢ ድርጅት ካርዶችን ከ1 እስከ 10 እየመደበ በፕላስቲክ ያሽግ ጀመር። የመጀመሪያዋን ተራ ቁጥር የወሰደችው ይህቺው ዋግነር ናት፤ 8 አገኘች። ድርጅቱ በእሷ ስም ገነነ፤ እሷም በድርጅቱ ቁጥር።

ይህን ሁሉ የሚሰማ ሰው ምን ያደርጋል? ካርድ ይገዛል፤ ገዝቶም አይነካውም። በ1980 አንድ ፍርድ ቤት የቶፕስን ብቸኛ መብት ካነሳ ወዲህ አምራቾች በዝተው ነበርና ማተሚያ ማሽኖቹ ቀን ከሌት ይዞሩ ጀመር። አባቶች ለልጆቻቸው የኮሌጅ ክፍያ ብለው ያልተከፈተ ካርቶን ከምድር ቤታቸው ደረደሩ። ማንም አልጣለም፤ ማንም ጥጉን አላጠፈም። ችግሩም ይኸው ነበር። የ1952ቱን ካርድ ሀብት ያደረገው ማንም ሀብት ነው ብሎ አለማሰቡ ነው፤ የ1988ቱን ግን ሁሉም ሀብት ነው ብሎ ጠበቀው። በነሐሴ 1994 ተጫዋቾቹ የሥራ ማቆም አድማ መቱ፤ የዓመቱ ፍጻሜም ተሰረዘ። ደጋፊው ተቆጥቶ ሲርቅ ገበያውም አብሮት ወረደ። የ1988ን ሙሉ 792 የቶፕስ ካርዶች ስብስብ ዛሬም በጥቂት ዶላር ማግኘት ይቻላል። የአሜሪካ ሰብሳቢዎች የዚያን ዘመን ካርድ "የቆሻሻ ዘመን" ካርድ ይሉታል።

ሀብታሞቹም ቢሆኑ ያን ያህል አልተጠቀሙም። ማክኖል በማጭበርበር ተከሶ በ1994 ጥፋቱን አመነ፤ ግሬትስኪ ድርሻውን ገዝቶለት በ1995 ካርዷን በ500,000 ዶላር ሸጣት። በ4 ዓመት 49,000 ዶላር መሆኑ ነው። ገንዘቡን የመንግሥት ቦንድ ገዝቶበት ቢቀመጥ ይበልጥ ያተርፍ ነበር። ገዢዎቹ ዎልማርት የተባለው የመደብሮች ኩባንያና አንድ ካርድ አከፋፋይ ናቸው፤ ለደንበኞች ዕጣ ሊያወጧት። በ1996 ዕጣው ፍሎሪዳ ለምትኖር አንዲት የፖስታ ቤት ሠራተኛ ደረሰ። የዕድለኝነቷን ነገር ስሙ፤ ካርዷን ስትቀበል የገቢ ግብሩም አብሮ መጣ፤ የምትከፍለው ስላልነበራት ወዲያውኑ ለጨረታ አቀረበቻት። ከ640,000 ዶላር በላይ ተሸጠች። በ2000 በኢንተርኔት ጨረታ 1.265 ሚሊዮን፣ በ2007 መጀመሪያ 2.35 ሚሊዮን፣ በዚያው ዓመት ደግሞ 2.8 ሚሊዮን ዶላር አወጣች። የመጨረሻው ገዢ የአሪዞናው ቤዝቦል ክለብ ባለቤት ኬን ኬንድሪክ ነው።

እስከዚያው ግን ገበያው ከካርድ አልፎ ወደ ኳስና ፊርማ ገባ፤ ጉዱም እዚያው ፈላ። በ1998 ማርክ ማግዋየር በአንድ ወቅት 70 ሆም ራን መትቶ ክብረ ወሰን ሰበረ። ሆም ራን ማለት ኳሷን ከሜዳው አጥር ውጭ መላክ ነው፤ የወደቀችበት ተመልካች ይወስዳታል። ሰባኛዋ ኳስ በ1999 ከነኮሚሽኑ ከ3 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሸጠች፤ ገዢው የካርቱን መጽሐፍ ደራሲው ቶድ ማክፋርሌን ነው። ክብረ ወሰኑ የቆየው 3 ዓመት ነው። በ2001 ባሪ ቦንድስ 73 መታ። የዚያችን ኳስ ደግሞ ሁለት ተመልካቾች የእኔ ናት ተባብለው ፍርድ ቤት ሄዱ፤ ዳኛው ሸጣችሁ እኩል ተካፈሉ አላቸው። በ2003 ስትሸጥ 450,000 ዶላር ብቻ አወጣች፤ ገዢው ያው ማክፋርሌን። ከሁለቱ የአንደኛው ጠበቃ የጠየቀው ክፍያ ብቻውን ከኳሷ ሙሉ ዋጋ ይበልጥ ነበር! በ2010 ማግዋየር አበረታች መድኃኒት ይወስድ እንደነበር በአንደበቱ ተናገረ። ኳስ መግዛት የሰውዬውን ቀሪ ዕድሜም አብሮ መግዛት ነው፤ የነገውን ጠባዩን ግን ማንም ሰው ዋስ ሆኖ አይሸጥም።

በፊርማውም ገበያ ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም። በጥቅምት 1999 የአሜሪካ ፌዴራል ምርመራ ቢሮ በካሊፎርኒያና በሌሎች ግዛቶች የሐሰተኛ ፊርማ አምራቾችን ቤቶችና መጋዘኖች ፈተሸ። ሳን ዲየጎ አካባቢ አንድ እጀ ቀና ቤተሰብ የሞቱትንም ያሉትንም ተጫዋቾች እየፈረመ ይውል ነበር። ወረቀቱን ያስረጁታል፤ ኳሱን ያጠይሙታል፤ ከእውነተኛነት ማረጋገጫው ጋር ያሽጉታል፤ ማረጋገጫውም ያው ሐሰተኛ ነው። ከተያዙት ዕቃዎች መካከል የእማሆይ ቴሬዛ ፊርማ ያለበት የቤዝቦል ኳስ ተገኘ። እሳቸው ካልካታ ላይ ድሆችን ሲያነሱ ኖረው እንደ ቤዝቦል ተጫዋች ኳስ ሲፈርሙ የሚያምን ገዢ መኖሩ ነው ከኳሱ በላይ የሚገርመኝ። ቢሮው በዚያ ዘመን በገበያ ላይ ካለው ፊርማ ከግማሽ በላዩ ሐሰተኛ ሊሆን እንደሚችል ገመተ።

ምላጭ የመሰለው የዋግነሯ ጠርዝስ? በጥቅምት 2013 ቢል ማስትሮ ቺካጎ በሚገኝ ፌዴራል ፍርድ ቤት ቆሞ ጥፋቱን አመነ። በአጫራች ድርጅቱ ውስጥ ዋጋ ለማናር የሐሰት ተጫራቾች ይጠቀም እንደነበር ተናገረ፤ የዋግነሯንም ጠርዝ ራሱ እንደከረከመው አመነ። በ2015 የ20 ወር እስራት ተፈረደበት። በፒ ኤስ ኤ ደንብ የተከረከመ ካርድ ደረጃ አይሰጠውም። የደረጃ አሰጣጡ ሥራ ራሱ የቆመባት ካርድ ግን የተከረከመች ነበረች። ከዚያም በኋላ እንኳ ዋጋዋ ወረደ የሚል አልተሰማም፤ ዝናዋ ጠርዟን ተክቶላታል።

በ2020 ወረርሽኙ ሰዉን ቤት ዘጋው። ጎልማሶች የድሮ ካርቶናቸውን አወረዱ፤ መንግሥት የሰጠው የድጎማ ገንዘብም በእጃቸው ነበር። በጥር 2021 የማይክል ጆርዳን የ1986 ካርድ፣ 10 ያገኘችው ዓይነት፣ በ738,000 ዶላር ተሸጠች። ፒ ኤስ ኤ ጋር የተከመረው ካርድ በሚሊዮን ስለተቆጠረ በመጋቢት አዲስ መቀበል አቆመ። በግንቦት ዊስኮንሲን ውስጥ በአንድ ታርጌት መደብር የመኪና ማቆሚያ በካርድ ሰበብ ጠብ ተነስቶ ሽጉጥ ተመዘዘ፤ መደብሩም ካርድ መሸጥ ለጊዜው አቆመ። በተከታዩ ዓመት ያችው የጆርዳን ካርድ በ738,000ው ሲሶ እንኳ ገዢ አጣች። በጥር የገዛው ሰው ምን እንደተሰማው መገመት አይከብድም።

በሌላ በኩል 2022 የእኛ ትውልድ የሚያውቀውን የዓለም ዋንጫ ጨዋታ ወደ ጨረታ አመጣ፤ ሜክሲኮ 86፣ አርጀንቲናና እንግሊዝ። ማራዶና በእጁ ያገባትን ጎል ያስገኘችው፣ ሳይታሰብ ወደ ኋላ የተመለሰችው ኳስ የተመታችው በእንግሊዙ ስቲቭ ሆጅ እግር ነው። ጨዋታው ሲያልቅ ማራዶና ማሊያውን የቀየረው ከዚሁ ከሆጅ ጋር ነው። ሆጅ ማሊያውን አልሸጠውም፤ ለብዙ ዓመታት በማንቸስተር ብሔራዊ የእግር ኳስ ሙዚየም አስቀመጠው። በግንቦት 2022 በሶዝቢስ 7,142,500 ፓውንድ ተሸጠ። የማራዶና ቤተሰብ ያ ማሊያ የጎሉ ማሊያ አይደለም ብለው ነበር፤ አጫራቹ የማሊያውን የዓርማ ስፌትና የቁጥሩን አቀማመጥ ከጨዋታው ፎቶዎች ጋር አስተያይቶ ነው አለ። በኅዳር ደግሞ እጁን ሳያይ ጎሏን ያጸደቀው ቱኒዚያዊው ዳኛ አሊ ቢን ናስር ኳሷን አወጣ፤ 2 ሚሊዮን ፓውንድ። የእግር ኳስ ታላቁ የዳኝነት ስህተት ለስህተተኛው የጡረታ ገንዘብ ሆነው።

በነሐሴ 2022 የሚኪ ማንትል ተራ መጣ። ከቦስተኑ ክምር የወጣችውን ምርጧን ካርድ ሮዘን በ1991 በ50,000 ዶላር ሸጧት ነበር። የገዛት ሰው ኒው ጀርሲ ውስጥ በቆሻሻ ማንሳት ሥራ የከበረ ነጋዴ ነው፤ ቆሻሻ ጀልባ የወሰዳቸውን ካርዶች ሳስታውስ ፈገግ የምለው ለዚህ ነው። 31 ዓመት ይዟት ቆየ። ሄሪቴጅ በተባለው አጫራች ድርጅት በ12.6 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠች። ሲሰላ በዓመት 19 ከመቶ ገደማ ነው፤ የአሜሪካ አክሲዮን ገበያ በዚያው ዘመን ከሰጠው እጥፍ ያህል። ከዚያ ላይ የአጫራቹ ድርሻ ይነሳል፤ ግብሩም አለ፤ የአሜሪካ ሕግ ከአክሲዮን ትርፍ ላይ እስከ 20፣ ከእንዲህ ያለ ዕቃ ትርፍ ላይ ግን እስከ 28 ከመቶ ይወስዳል። በ31 ዓመቱም ካርዷ የትርፍ ድርሻ አልከፈለችም፣ ኪራይ አላመጣችም፣ ኢንሹራንስ ብቻ በላች። ሰውዬው ግን የሚያማርር አይመስለኝም። በዚያው በ1991 የምድር ቤቱን በካርቶን የሞላው ጎረቤቱ ነው ያላማረበት።

በመስከረም 24 ቀን 2023 ትዕግሥት አሰፋ በርሊን ላይ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ ጨርሳ የሴቶችን የዓለም ክብረ ወሰን ከ2 ደቂቃ በላይ አሻሻለች። መስመሩን እንዳለፈች ጫማዋን አውልቃ ሳመችው። ጫማው የአዲዳስ ነው፤ አንዱ እግር 138 ግራም ይመዝናል። ኩባንያው ራሱ ለአንድ ማራቶንና እግርን ለማላመድ ያህል የሚበቃ ነው ብሎታል። ለሽያጭ የወጣው 521 ጥንድ ብቻ ነበር፤ ዋጋው 500 ዶላር። ወዲያው አለቀ፤ ወዲያውም በኢንተርኔት ላይ በብዙ ሺህ ዶላር ተመልሶ ለሽያጭ ወጣ። እነዚህኞቹ እግር አልገባባቸውም፤ ከነካርቶናቸው፣ ከነመጠቅለያ ወረቀታቸው ናቸው። በተከታዩ ዓመት ኩባንያው በሌላ ቀለም ደግሞ አወጣቸው።